የእንዶድን ሌላ ጥቅም ለዓለም ያሳወቁት ዶክተር አክሊሉ ለማ

በአገራችን ለዘመናት ለልብስ ማጠቢያነት ሲያገለግል የኖረው እንዶድ የቢልሃርዚያ በሽታን ለመከላከል እንደሚረዳ በምርምር ያረጋገጡት ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 በጅጅጋ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውንም በአሜሪካ ተከታትለው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አግኝተዋል።

ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ጥገኛ ትል እንቁላሉ ከበሽተኛው ሰገራ ወይም ሽንት ጋር ወደ ውኃ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ይራባና ወደ ውኃው ተመልሶ በወንዙ የሚታጠበውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ቢገድልም፣ ታካሚው ወደዚያው ውኃ ሲመለስ ዳግም ሊያዝ ይችላል። በመሆኑም ቀንድ አውጣውን ማጥፋት አንዱ የመከላከያ መንገድ ነው።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ጥናት ሲያካሂዱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በርካታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። በሕይወት ያሉትን ከሌላ ቦታ ሰብስበው የእንዶዱን አረፋ ቢያፈሱባቸው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን በዩኒቨርሲቲው አቋቋሙ። በአድዋ ለአምስት ዓመታት በተካሄደው ሙከራም በሕፃናት ላይ የሚታየው የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ ማለቱ ተመዝግቧል።

ይሁን እንጂ ግኝቱ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። ከውጭ የሚገባው የቀንድ አውጣ ማጥፊያ ኬሚካል ለድሃ አገሮች እጅግ ውድ ሆኖ ሳለ፣ እንዶድ በዓለም አቀፍ መመዘኛ መሠረት የደህንነት ምርመራ እንዲደረግለት ተጠየቀ። ለምርመራው የሚያስፈልገው ገንዘብና ቤተ ሙከራ በአገር ውስጥ ባለመኖሩ ሥራው ለረጅም ዓመታት ተጓተተ። ተመራማሪው ችግሩ የገንዘብ ማነስ ብቻ ሳይሆን በአፍሪካውያን ሳይንቲስቶች ሥራ ላይ ያለው እምነት ማነስም ጭምር መሆኑን አጥብቀው ያስረዱ ነበር።

ምርጥ የእንዶድ ዝርያዎችን በመለየት ከሠሩት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበሉት ግኝቱ 25 ዓመት ካስቆጠረ በኋላ ነው። ቆይቶም እርሳቸው በተሳተፉበት ጥናት እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የውኃ ቧንቧዎችን የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ባለቅርፊት እንስሳ እንደሚገድል ሲታወቅ፣ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዘገበበት። ጉዳዩ የአገር በቀል ዕውቀት ባለቤትነት ክርክር ሲነሳ በአብነት ይጠቀሳል።

በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥር ጭምር ያገለገሉት ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል። የሥራ ታሪካቸውም አንድ ግኝት ለሕዝብ ጥቅም እንዲውል ከተመራማሪው ትጋት ባሻገር፣ በራስ ቤተ ሙከራ የሚያረጋግጥና በወቅቱ ወስኖ በጀት የሚመድብ ተቋም እንደሚያስፈልግ ያስገነዝባል።