ልዑል ራስ እምሩና በተከዜ የወረደው መርዝ

በአየር ላይ የተለቀቀን ጋዝ እየተከታተሉ መለካት የሥራችን አንዱ ክፍል ነው። ዛሬ ባለሙያው መሣሪያውን በትከሻው አንግቶ፣ በመኪና ጭኖ ወይም በሰው አልባ በራሪ ላይ አስሮ ይዘዋወራል። በ1928 ዓ.ም. በተከዜ ዳር የወረደውን መርዝ የለካው ግን የሰው ቆዳ ነበር። ያንን አይተው ለታሪክ ካስረከቡት ሰዎች ዋነኛው ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

ልዑል ራስ እምሩ በ1885 ዓ.ም. ተወለዱ። ከዘመዳቸው ከተፈሪ መኮንን፣ ኋላ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑት ጋር፣ በሐረር አብረው አድገው አብረው ተማሩ። በ1924 ዓ.ም. የጎጃም ገዥ ሆኑ። ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ የጎጃምን ጦር አስከትለው በጌምድርን አቋርጠው ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ላይ ጦራቸው ተከዜን ተሻግሮ በደምበጊና መተላለፊያ የጠላትን ታንኮች ድል አደረገ።

ታኅሣሥ 13 ቀን አውሮፕላኖች መጡ። ወታደሩ ቦምብን ለምዶ ስለ ነበር መሸሸጉን ያውቅበታል። የዚያን ዕለት የወረደው ግን እንደ ቦምብ የሚፈነዳ ሳይሆን፣ መሬት ወይም ውሃ ሲነካ የሚሰበርና ቀለም የሌለው ፈሳሽ የሚረጭ በርሜል ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች እጃቸው፣ እግራቸውና ፊታቸው ተቃጥሎ ቈሰለ፤ ከወንዙ የጠጡም ተጐዱ። አዛዡ ምን እንደ ወረደ አያውቁም፤ ሐኪምም መድኃኒትም አልነበራቸውም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ጦሩን በየትኛው መልካ አሻግረው በየትኛው ሸለቆ እንደሚያሳርፉት የሚነግራቸው ምልክት አለመኖሩ ነው። ኢጣልያ እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሚከለክለውን የጄኔቫ ውል በ1917 ዓ.ም. ፈርማ ነበር።

የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው መርዝ በእውነቱ ፈሳሽ ነው። እንፋሎቱ ከአየር ከአምስት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ወደ ረባዳው ይወርዳል። እብናት ላይ ሆኖ የጠዋት ጭጋግ ወደ በለሳ ቆላ ሲንሸራተት ያየ ሰው ነገሩን ያለ ሰሌዳ ይረዳዋል። በቆላ ሙቀት ቶሎ ይተናል፤ የደጋው ሌሊት ከ14 ዲግሪ በታች ሲወርድ ግን ይረጋና ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ገና ይተናል። ትናንት ያለፉበት መንገድ ዛሬ ሊገድል ይችላል ማለት ነው። ቁስሉም ብዙውን ጊዜ ከሰዓታት በኋላ ስለሚገለጥ፣ ቆዳ የሚናገረው ካለፈ በኋላ ነው።

አንድ ቦታ የተተከለ መለኪያ የሚያውቀው በአጠገቡ ያለፈውን ብቻ ነው። የሚዘዋወር መለኪያ ግን ከነፋሱ አቅጣጫና ፍጥነት ጋር ተዳምሮ የመርዙን ዳርቻ ያወጣል፤ ምንጩንም ወደ ኋላ ቈጥሮ ይደርስበታል። እንዲህ ያለ መሣሪያ በልዑል ራስ እምሩ እጅ ቢኖር አውሮፕላኑን ባላስቀረ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ንጹሑን መልካ ከተመረዘው መለየት ግን በተቻለ ነበር። በዚያ ዘመን ካርታውን የሣሉት የወደቁት ሰዎች ናቸው።

ከሽሬ ጦርነት በኋላ የተረፈው ጦር እንደ ገና በተከዜ በኩል፣ ከአየር እየተደበደበ አፈገፈገ። ልዑል ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ ወርደው ከጎሬ ትግሉን ቀጠሉ፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጥተው በጶንዛ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በዋሽንግተንና በኒው ዴልሂ አምባሳደር ሆኑ። መሬታቸውን ለገበሬ በማካፈላቸውም ቀዩ ራስ ተባሉ። ትዝታቸውን የጻፉበት መጽሐፍ የታተመው ከሞቱ በኋላ ነው።

ያረፉት በ1972 ዓ.ም. ነው። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም.፣ ከዕረፍታቸው 16 ዓመት በኋላ ነበር።