ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ፤ የእንዶድና የቢልሃርዚያ ምርምር ሕይወት

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአንኮበር ወረዳ፣ በጎረቤላ ከተማ ዙሪያ ባሉት የደጋ መንደሮች፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ፣ የፋብሪካ ሳሙና ከመስፋፋቱ በፊት የነጭ ልብስ ማጠቢያ እንዶድ ነበር። በየአጥሩና በየገደሉ አፋፍ የሚሳበው የዚህ ተክል ፍሬ ሳይበስል ይለቀማል፤ ደርቆና ተወቅጦ በውሃ ሲታሽ ብዙ አረፋ ያወጣል። ከጎረቤላ አፋፍ ወደ ምሥራቅ ያለው መሬት ደግሞ በፍጥነት ቁልቁል ወርዶ በአልዩ አምባ በኩል ወደ አዋሽ ተፋሰስ ቆላ ይገባል። እንዶድ የደጋና የወይና ደጋ ተክል ነው። የአንጀት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ግን ሞቅ ባለ ዝቅተኛ ቦታ ያለ፣ በዝግታ የሚፈስ ውሃ ይመርጣል። እንዲህ ባለ አገር ፍቱኑ ተክል ከላይ፣ በሽታው ከታች ሆነው ለብዙ ዘመን ሳይተዋወቁ ኖረዋል። ሁለቱን በሳይንስ መዝገብ ያገናኛቸው አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ተመራማሪ ናቸው።

አክሊሉ የተወለዱት በ1930ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በተከፈቱት ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ከተማረው ትውልድ ውስጥ ናቸው። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። በዚያን ጊዜ ስለ ጥገኛ ተውሳኮች የሚያጠና ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቆጠር ነበር። የትኛው በሽታ የት እንዳለ፣ የትኛው ወንዝ የትኛውን ቀንድ አውጣ እንደያዘ የሚያሳይ የተሟላ ካርታም አልነበረም። ወደ አገራቸው ሲመለሱ የመጀመሪያው ሥራቸው ይህንኑ ካርታ መሙላት ሆነ።

በዚያው በ1964 ለቀንድ አውጣ ቆጠራ ወደ ዓድዋ ተጓዙ። በከተማይቱ አጠገብ በሚፈሱት ጅረቶች ዳር ሴቶች ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ አገኟቸው። ከማጠቢያው ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው የጅረቱ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው ነበር፤ ከማጠቢያው በላይ ባለው ክፍል ግን በሕይወት ያሉት ይበዙ ነበር። አክሊሉ ከሴቶቹ ጥቂት የእንዶድ አረፋ ተቀብለው በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በያዘ ዕቃ ውስጥ ጨመሩ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። የዚህ ሙከራ ዋጋ በቀላልነቱ ነው፤ ጅረቱ ራሱ የላይና የታች ማነጻጸሪያ አዘጋጅቶ ነበር፣ የሚጠበቀው የሚያይ ዓይን ብቻ ነበር። በአገራችን የብርብራ ፍሬን ወቅጦ በወንዝ በመበተን ዓሣ ማጥመድ የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ ተክል የውሃ እንስሳትን ሊገድል መቻሉ ለማንም አዲስ ነገር አልነበረም። አዲሱ ነገር ያንን ዕውቀት ከአንድ በሽታ የሕይወት ዑደት ጋር ማያያዝ ነው። ግኝቱ በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት እንደ ቅድመ ዘገባ ታተመ።

ቀንድ አውጣው መሞቱ ለምን እንደሚጠቅም ለመረዳት በሽታው በሰው አካል ውስጥ የሚሠራውን ማየት ያስፈልጋል። ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 ካይሮ ውስጥ ትሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ካሳየ ወዲህ፣ በሽታው በስሙ ይጠራል። ትሉ በሽተኛው በሚጸዳዳበት ጊዜ በሚወጣው ዕንቁላል አማካይነት ውሃ ውስጥ ይገባል። ከዕንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ተስማሚ ቀንድ አውጣ ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ ካገኘ ግን በቀንድ አውጣው አካል ውስጥ ተራብቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ጅራታም እጮች ይሆናል። እነዚህ እጮች ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስተው ይገባሉ። የጎለመሱት ትሎች በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይኖራሉ። ዋናውን ጉዳት የሚያደርሱት ግን ትሎቹ ራሳቸው አይደሉም። ከሚጥሉት ዕንቁላል ከፊሉ ወደ ውጭ መውጣቱ ቀርቶ በደም ተገፍቶ በጉበት ውስጥ ይቀረቀራል። የሰውነት መከላከያ ህዋሳት እያንዳንዱን ዕንቁላል ከበው አነስተኛ ዕብጠት ይሠራሉ፤ ዕብጠቱ እየቆየ በጠባሳ ህብረህዋስ ይተካል። ጠባሳው ሲበዛ ደም በጉበት ውስጥ እንደ ልብ ማለፍ ይሳነዋል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል። በሽተኛውን የሚጎዳው እንግዲህ በአመዛኙ የራሱ ህዋሳት ምላሽ ነው። ጠባሳው አንዴ ከተፈጠረ በኋላ በመድኃኒት ለመመለስ አዳጋች ስለሆነ፣ ሰንሰለቱን ቀድሞ ውሃው ውስጥ መበጠስ ትርጉም ያገኛል።

አክሊሉ በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሥርተው የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ኢንስቲትዩቱ ለእንዶድ ብቻ የተቋቋመ አልነበረም። በ1969 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሟቸው የሊሽማንያሲስ ጥናቶች፣ ቁንጭር እየተባለ የሚጠራውን የቆዳ በሽታ በኢትዮጵያ በሥርዓት ለመመርመር ከተደረጉት ቀዳሚ ሙከራዎች ውስጥ ይቆጠራሉ። ቁንጭር ሽኮኮ በሚኖርባቸው የደጋ ገደሎች አካባቢ የሚገኝ በሽታ በመሆኑ፣ እንደ አንኮበር ላሉ ገደላማ አገሮች ተመራማሪ ይህ የአክሊሉ ሥራ ከእንዶዱ ያላነሰ ሊነበብ ይገባዋል። ስማቸው ሲነሣ ሁልጊዜ እንዶድ ብቻ መጠቀሱ ትንሽ ያጎድላቸዋል።

የእንዶዱ ፍሬ ነገር ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ወደ ውጭ አገር ቤተ ሙከራዎች ወሰዳቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ሮበርት ፓርክኸርስትና ባልደረቦቹ ከፍሬው ውስጥ ሳፖኒን የሚባሉትን አረፋ ሰጪ ውህዶች ለይተው አወጡ፤ ከእነርሱም አንዱን በግኝቱ ባለቤት ስም ለማቶክሲን አሉት። ሳፖኒን በህዋስ ሽፋን ላይ ካለው ኮሌስትሮል ጋር ተጣብቆ ሽፋኑን ያሳሳል፤ ህዋሱ የያዘውን ማቆየት ያቅተዋል። በቤተ ሙከራ ውስጥ ቀይ የደም ህዋስን የሚያፈርሰውና በጅረት ውስጥ የቀንድ አውጣውን ለስላሳ አካል የሚያጠፋው ይኸው አሠራር ነው። በፍሬው ውስጥ ያሉት ሳፖኒኖች አብዛኞቹ ሲደርቁ ሥራ ፈት ሆነው ይቀመጣሉ፤ ፍሬው ተወቅጦ ከውሃ ጋር ሲቀላቀል የፍሬው የራሱ ኢንዛይም ከፊል የስኳር ሰንሰለታቸውን ቆርጦ ያነቃቸዋል። ልብስ አጣቢዎቹ መውቀጥና በውሃ ማሸት ያዘወተሩት ኬሚስትሪውን አውቀው አይደለም፤ ነገር ግን አሠራራቸው ትክክለኛው አሠራር ነበር። የእንዶድ ጉድለትም ከዚሁ ይነሣል። ቀንድ አውጣውን ቢገድልም የቀንድ አውጣውን ዕንቁላል አይገድልም፣ ስለዚህ ደጋግሞ መጨመር ያስፈልጋል፤ ዓሣንም ይጎዳል። በሌላ በኩል ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚበሰብስ ተከማችቶ አይቆይም።

ትልቁ ፈተና የተካሄደው ነገሩ በተጀመረበት በዓድዋ ነው። ከ1969 እስከ 1974 ለአምስት ዓመታት የከተማይቱ ጅረቶች በእንዶድ ዱቄት በየጊዜው ታከሙ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። የዕድሜ ክልሉ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የጎለመሰ ትል በሰው አካል ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር፣ ስርጭቱ ሙሉ በሙሉ ቢቆም እንኳ ቀድሞ የተያዘው አዋቂ ዕንቁላል መጣሉን ይቀጥላል። በሙከራው ዘመን የተወለደ ሕፃን ግን ከተያዘ የተያዘው በዚያው ዘመን ነው፤ የሕፃናቱ ቁጥር ስለ አዲስ መተላለፍ በቀጥታ ይናገራል። ስለ ሕዝቡ አጠቃላይ ቁጥር ብቻ የሚጠይቅ አንባቢ የሙከራውን ውጤት ከእውነተኛው ያነሰ አድርጎ ይገምተዋል። ዝርዝር ውጤቱ በዓለም አቀፍ መጽሔት የወጣው በ1983 ነበር፤ መዘግየቱ ክርክሩን አልጠቀመም።

ክርክሩ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ነበር። በዚያን ዘመን ተቀባይነት ያገኘው የቀንድ አውጣ ማጥፊያ የባየር ኩባንያ የሚያመርተው ኒክሎሳማይድ ነበር። እርሱ በአነስተኛ መጠን የሚሠራ፣ ጥራቱ አንድ ወጥ የሆነ፣ ነገር ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። እንዶድን በሰፊው ከመጠቀም በፊት በዓለም አቀፍ የቤተ ሙከራ ደንብ መሠረት የመርዛማነት ጥናት ይደረግለት የሚል ጥያቄ ቀረበ። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነው፤ ሰው የሚጠጣው ውሃ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። ሆኖም በዚያ ደንብ መሠረት የሚመረምር ቤተ ሙከራ በኢትዮጵያም ሆነ በአብዛኛው የአፍሪካ አገር አልነበረም፤ ወጪውን የሚሸፍን ኩባንያም አልተገኘም፣ ገበሬ በአጥሩ ላይ ሊያበቅለው የሚችል ነገር ትርፍ አያስገኝምና። አክሊሉ በዚህ ውስጥ ያዩት በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተሠራ ሳይንስ በሌሎች እጅ እንደገና እስካልተሠራ ድረስ አለመታመኑን ነው፤ ይህንንም እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ በየመድረኩ ተከራከሩበት። ክርክራቸው በንግግር ብቻ አልቆመም። በ1983 በሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ በስዋዚላንድ ምባባኔ ስለ እንዶድ የሳይንስ ጉባኤዎች ተካሄዱ፤ የኋለኛው ያተኮረው በዚያው በመርዛማነቱ ጥያቄ ላይ ነበር። በካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍም የተጠየቁት ጥናቶች ተሠሩ።

በዚህ ሁሉ መካከል የተክሉ ግብርና የሌላ ሰው ሥራ ነበር። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከተለያዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው ምርታቸውን፣ በሽታ መቋቋማቸውንና ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይላቸውን አወዳደሩ፤ ከእነዚህም ዓይነት 44 የተባለው ተመርጦ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ለሙከራ ተተከለ። ያለዚህ ሥራ የእንዶድ ኃይል ከዛፍ ዛፍ የሚለያይ ስለሚሆን፣ የጥራት ጥያቄ መልስ ባላገኘ ነበር። በ1989 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ለሁለቱ በጋራ መሰጠቱ ትክክለኛ ፍርድ ነበር።

አክሊሉ በዚያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ መጀመሪያ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ለልማት ማዕከል፣ በኋላም በፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ ዓለም አቀፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆነው። የምርምሩ ቀጣይ ምዕራፍ ግን ማንም ባልጠበቀው ስፍራ ተከፈተ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዜብራ መስል የሚባል ባለ ዛጎል የውሃ እንስሳ ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ገብቶ የከተሞችንና የፋብሪካዎችን የውሃ ቧንቧ ይደፍን ጀመር። በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ ይህንን እንስሳ እንደሚገድል በሙከራ ካረጋገጠ በኋላ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ፤ የአክሊሉም ስም ከፈጣሪዎቹ መካከል ተመዝግቧል። ጉዳዩ ብዙ ክርክር አስነሣ። ውሃ ውስጥ ያለን ለስላሳ አካል በእንዶድ መግደል ይቻላል የሚለው ዕውቀት መነሻው የዓድዋ ጅረት ነው፤ በሰነዱ ላይ ግን ልብስ አጣቢዎቹም ተክሉን ጠብቀው ያቆዩት ገበሬዎችም የሉበትም። ስለ ብዝኃ ሕይወት ሀብት ባለቤትነት በሚደረጉ ውይይቶች እንዶድ እስከ ዛሬ እንደ ምሳሌ የሚነሣው ስለዚህ ነው። ሰውየው በአንድ በኩል የአገር ዕውቀት ተሟጋች፣ በሌላ በኩል በባዕድ አገር መብት ላይ ስማቸው የሰፈረ መሆናቸው ያስገርም ይሆናል። ግን ያለ እርሳቸው ስም ሰነዱ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ምንም ሰው ባልኖረው ነበር።

አክሊሉ ለማ በ1997 አረፉ። ሲያርፉ እንዶድ በዓለም አቀፍ የበሽታ መከላከያ ፕሮግራሞች ውስጥ ቦታ አላገኘም ነበር። ዋነኛው ምክንያት በ1970ዎቹ መጨረሻ የመጣው ፕራዚኳንቴል ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚዋጥ፣ ዋጋው እየረከሰ የሄደ መድኃኒት በመሆኑ የመከላከሉ ትኩረት ከውሃው ወደ ሰው ተዛወረ። ይሁንና ፕራዚኳንቴል የጎለመሰውን ትል ይገድላል እንጂ ዳግም መያዝን አይከላከልም፤ ታክሞ የዳነ ልጅ ወደዚያው ጅረት ተመልሶ ይገባል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2012 በሽታውን ለማጥፋት ባወጣው ውሳኔ ቀንድ አውጣን መቆጣጠር ዳግም ከመድኃኒቱ ጎን እንዲቆም ተደረገ። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል፤ ተመራማሪዎቹም አሁን ድረስ ጥገኛ ተውሳኮችንና በየወንዙ ያሉትን ቀንድ አውጣዎች ያጠናሉ።