ወይዘሪት ኤግላንታይን ጄብ፤ የጠላትን ልጅ ያበሉ ሴት

በሰቆጣና በአካባቢዋ ያሉ ሽማግሌዎች የ1977 ዓ.ም.ን ረሀብ ሲያወሩ ኮረምን ሳይጠሩ አያልፉም። ልጅ አዝለው ከዋግ እስከዚያ በእግር የተጓዙ ብዙ ናቸው። በኮረም ሕፃናትን ይመግቡ ከነበሩት ድርጅቶች አንዱ የእንግሊዙ ሴቭ ዘ ችልድረን ነበር። እኛም የመሥራቿን ታሪክ ለአንባቢያን ልናቀርብ ወደድን። የውጭ አገሩን ዘመን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ወይዘሪት ኤግላንታይን ጄብ በ1876 በእንግሊዝ አገር ተወለዱ። በኦክስፎርድ ታሪክ ተምረው ጥቂት ጊዜ አስተማሪ ሆኑ፤ ሥራው ግን አልሆነላቸውም። አላገቡም፤ አልወለዱም። ከሕፃናት ጋር መዋል እንኳ እምብዛም አይሆንላቸውም ነበር ይባላል፤ ይህ እኛን በጣም አስገርሞናል።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1918 ቢቆምም እንግሊዝና ጓደኞቿ በጠላቶቻቸው ላይ የጣሉትን የምግብ እገዳ ወዲያው አላነሡም። በጀርመንና በኦስትሪያ ሕፃናት ተራቡ። ወይዘሪት ጄብ በ1919 የአንድ የከሳ ኦስትሪያዊ ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበትን ወረቀት በለንደን አደባባይ አደሉ። ያለ ፈቃድ በማደላቸው ተይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ጥፋቱን አልካዱም፤ የተከራከሩት ስለ ሕፃናቱ ነበር። 5 ፓውንድ ተቀጡ። የከሰሷቸው ዐቃቤ ሕግ ግን ያንኑ ያህል ገንዘብ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧቸው፤ ለሕፃናቱ የመጀመሪያው መዋጮ እርሱ ሆነ ይባላል።

በዚያው ግንቦት ከእኅታቸው ከዶሮቲ ጋር ሕዝብ ሰብስበው ድርጅቱን አቋቋሙ። ልጁን በጦርነት ያጣ አባት ለጠላት ልጅ ወተት ግዛ ሲባል ምን ይሰማዋል? ብዙዎች ተቆጡ። ገንዘቡ ግን መጣ፤ የሮማው ጳጳስም በሄሮድስ ለተገደሉት ሕፃናት መታሰቢያ ቀን በየአብያተ ክርስቲያናቱ መዋጮ እንዲሰበሰብ አዘዙ። በ1921 ደግሞ እህል የጫነ መርከብ ወደ ሩሲያ ረሀብተኞች ላኩ።

በ1923 የሕፃናትን መብት በአምስት አጫጭር አንቀጾች ጻፉ፤ በመከራ ጊዜ ቀድሞ የሚረዳው ሕፃን ይሁን የሚለው አንዱ ነው። በ1924 የመንግሥታት ማኅበር ሲቀበለው ኢትዮጵያ አባል ከሆነች አንድ ዓመት ሆኗት ነበር። ወይዘሪት ጄብ በ1928 በ52 ዓመታቸው በጄኔቫ ዐረፉ።

ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ሲወስን፣ ሰነዱ በከተማችን ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተባለ። በ2014 ዓ.ም. ግን ከአበርገሌና ከጻግብጂ በጦርነት የተፈናቀሉ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሰቆጣ ገቡ። እህል ሲታደል አባታቸው ከማን ወገን እንደሆነ የጠየቅንም፣ ያልጠየቅንም አለን።