ጨዋታን በደንብ ያጸኑ ሰው

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ለረጅም ዓመታት ኳስ ተጫወቱ። ጨዋታው ከወዳጆች ስብስብ አልፎ ሕጋዊ ማኅበር እንዲኖረው በመድከም የስፖርቱን መተዳደሪያ ደንብ አረቀቁ፤ የጨዋታ ሕጎችንም ወደ አማርኛ መለሱ።

በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት ኢትዮጵያን ወክለው ተገኙ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ለማሰለፍ እምቢ በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተከለከለች። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ማኅበሩን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ ይህንኑ አቋም አጽንተው፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐረፉ።

በወረታም ሆነ በፎገራ ሜዳ ኳስ የሚጫወቱ ወጣቶች ደንብ ጽፈው ቡድናቸውን በማኅበርነት ሲያስመዘግቡ፣ እሳቸው በጠረጉት መንገድ ይሄዳሉ።