ፒዬር ሉዊጂ ኔርቪ እና የአርማታ ቅርጽ ማውጫ ጥያቄ

ድንጋይ ተጠርቦ፣ እንጨት ተጋዝቶ፣ ብረት ተቀጥቅጦ ቅርጽ ይይዛል። አርማታ ግን የራሱ ቅርጽ የለውም፤ ፈሶ የሚረጋበትን ዕቃ መልክ ይወርሳል። ስለዚህ አንድ የአርማታ ሕንጻ ሁለት ጊዜ ይሠራል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በመጀመሪያ በጣውላ ወይም በብረት፣ ቀጥሎም በኮንክሪት። ፎርምወርክ የሚባለው ይህ የመጀመሪያው ሥራ፣ አርማታው ሲጠነክር ፈርሶ የሚነሣና ከተመልካች ዐይን የሚሰወር በመሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ ንድፍ በሚወጣበት ጠረጴዛ ላይ አይታሰብም። ነገር ግን ለአርማታ ሥራ ከሚወጣው ገንዘብ ከሢሶ እስከ ግማሽ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠውን የሚወስደው እርሱ ነው። ይህን ጉዳይ የንድፍ ሁሉ መነሻ አድርገው ከሠሩት መሐንዲሶች መካከል ኢጣልያዊው ፒዬር ሉዊጂ ኔርቪ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኔርቪ ሰኔ 21 ቀን 1891 በሰሜን ኢጣልያ በምትገኘው በሶንድሪዮ ከተማ ተወለደ። በቦሎኛ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ተምሮ በ1913 ተመረቀ። ከመምህራኑ አንዱ አቲልዮ ሙጃ ነበር። ሙጃ የፈረንሳዊውን የሄንቢክን የአርማታ አሠራር በኢጣልያ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ሲሆን፣ የአርማታ ሥራ ኩባንያም ይመራ ነበር። ወጣቱ ኔርቪ እዚያው ኩባንያ ውስጥ ተቀጠረ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በመሐንዲስ ጦር ውስጥ አገለገለ፤ ከጦርነቱ በኋላም ወደ ኩባንያው ተመልሶ እስከ 1923 ድረስ ሠራ። ከዚያ በኋላ ከሸሪክ ጋር የራሱን የሥራ ተቋራጭነት ድርጅት አቋቋመ፤ በ1932 ደግሞ ከአጎቱ ልጅ ከባርቶሊ ጋር ኔርቪና ባርቶሊ የተባለውን ድርጅት መሠረተ።

የሕይወቱን አቅጣጫ የወሰነው ይህ ነው። ኔርቪ ንድፍ አውጪም ሥራ ተቋራጭም ነበር። በወረቀት ላይ ያሰመረው እያንዳንዱ መስመር ስንት ጣውላ፣ ስንት ምስማርና ስንት የአናጢ ቀን እንደሚፈጅ የሚያውቀው ከራሱ የሒሳብ መዝገብ ነበር። ሌላው መሐንዲስ ለተቋራጩ ትቶት የሚሄደውን ጥያቄ፣ እርሱ በጨረታው ዋጋ ውስጥ ራሱ መመለስ ነበረበት።

በስፋት እንዲታወቅ ያደረገው የመጀመሪያው ሥራ ከ1930 እስከ 1932 የተሠራው የፍሎረንስ ስታዲየም ነው። ሥራው የተሰጠው በዋጋው ዝቅተኛነት ጭምር ነበር። ተመልካቹን ከዝናብና ከፀሐይ የሚከልለው ጣሪያ ከፊቱ ምሰሶ ሳይኖረው ወደ ሜዳው የተዘረጋ ሲሆን፣ ጠመዝማዛ ደረጃዎቹ ደግሞ በአየር ላይ የተጠቀለሉ ይመስላሉ። ሆኖም እነዚህ ደረጃዎች የአርማታንና የጣውላን ጠብ በግልጽ ያሳያሉ። ኮንክሪቱ ሳያስቸግር የሚፈስበትን ጥምዝ፣ ጣውላው የሚቀበለው በብዙ ቁርጥራጭና በብዙ ድካም ነው። ጣውላ በባሕርዩ ቀጥ ያለ ነገር ነውና። ከዚህም የተነሣ በዓለም ዙሪያ የአርማታ ሕንጻዎች በአብዛኛው ቀጥ ባሉ አግዳሚዎችና በአራት ማዕዘን ምሰሶዎች ተወስነው የቀሩት፣ አርማታው ስለሚያስገድድ ሳይሆን ጣውላው ስለሚያስገድድ ነው። ይህ ሐሳብ በኋላ ኔርቪ ደጋግሞ የጻፈበትና ያስተማረበት ዋና ነጥብ ሆነ።

በ1935 የኢጣልያ አየር ኃይል በኦርቪዬቶ የአውሮፕላን ማቆያ ሃንጋሮችን ለማሠራት ባወጣው ውድድር ኔርቪ አሸነፈ። ይኸው አየር ኃይል በዚያው ዓመትና በሚቀጥለው በኢትዮጵያ ሕዝብ ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ያዘነበ ነው። የኔርቪ ሥራ ታሪክ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የሚገናኘው በዚህ መራራ መንገድ ነው። በወረራው ምክንያት የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኅዳር 1935 በኢጣልያ ላይ ማዕቀብ ጣለ። ማዕቀቡ እስከ ሐምሌ 1936 ብቻ ቢቆይም፣ የፋሽስቱ መንግሥት ከዚያ ወዲህ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላለመመካት በያዘው ፖሊሲ ምክንያት በግንባታ ሥራ ላይ የብረት አጠቃቀም ተገደበ፤ ጣውላም ውድ ሆነ።

የመጀመሪያዎቹ የኦርቪዬቶ ሃንጋሮች ጣሪያ እርስ በርሳቸው በሚቋረጡ ቅስት ተሸካሚዎች የተሠራ መረብ ነው። 40 ሜትር ገደማ ወርድና 100 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ይህ መረብ በሙሉ በቦታው ላይ በጣውላ ፎርምወርክ ፈሰሰ። ጣሪያው ቀላልና ቁጥብ ነበር፤ ተሸክሞት የቆመው የእንጨት ደን ግን ቁጥብ አልነበረም። ኔርቪ ከ1939 እስከ 1942 በኦርቪዬቶ፣ በኦርቤቴሎና በቶሬ ዴል ላጎ ስድስት ተጨማሪ ሃንጋሮች ሲሠራ ዘዴውን ለወጠ። ተሸካሚዎቹን በትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ፣ እየተደጋገመ በሚያገለግል ቅርጽ ማውጫ በመሬት ላይ አስመረተ። ከዚያም ክፍሎቹ ወደ ላይ ተነሥተው የፌሮዎቻቸው ጫፎች ተበየዱ፤ መገጣጠሚያቸውም በኮንክሪት ተሞላ። እያንዳንዱ ሰፊ ጣሪያ በስድስት ድጋፎች ላይ ብቻ አረፈ። በ1944 የጀርመን ጦር ሲያፈገፍግ ሃንጋሮቹን በፈንጂ አፈረሳቸው። ጣሪያዎቹ መሬት ላይ ከተከሰከሱ በኋላ ሲመረመሩ ግን አብዛኞቹ መገጣጠሚያዎች ሳይላቀቁ ተገኙ። ተገጣጣሚ አካል በቦታው እንደፈሰሰ አካል አንድ ሆኖ ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ከባድ ፈተና ሊሰጠው አይችልም ነበር።

ጦርነቱ ሥራ ባስቆመበት ዘመን ኔርቪ ወደ ሌላ ሙከራ ዞረ። በ1943 ፌሮሲሚንቶ ብሎ ለሰየመው አሠራር የፈጠራ መብት አስመዘገበ። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በቀጭን ሽቦ የተሠሩ ብዙ መረቦች ተደራርበው በሚፈለገው ቅርጽ ይታጠፋሉ፤ ሲሚንቶ የበዛበት የአሸዋ ቅልቅልም በማንኪያ እየተጫነ በመረቦቹ መካከል እንዲገባ ይደረጋል። መረቡ ልስኑን ራሱ ስለሚይዘው ከሥሩ ጣውላ አያስፈልገውም። ሽቦዎቹ ቀጫጭንና የተቀራረቡ በመሆናቸው፣ ሊፈጠር የሚችለው ስንጥቅ በአንድ ቦታ ሰፍቶ ከመታየት ይልቅ በማይታዩ ብዙ ስንጥቆች ይከፋፈላል። ፈረንሳዊው ላምቦ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት በሲሚንቶና በሽቦ ጀልባ ሠርቶ ነበር፤ ኔርቪ ግን ሐሳቡን ወደ ሕንጻ አሻገረው። በ1945 በሮም ግድግዳና ጣሪያው ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ አነስተኛ መጋዘን ሠራ፤ ከዚያም 165 ቶን የሚመዝን ኢሬኔ የተባለ መርከብ በዚሁ አሠራር ገነባ።

በቱሪን ከተማ በ1948 እና በ1949 የተሠራው የኤግዚቢሽን አዳራሽ እነዚህን ሁለት ግኝቶች፣ ማለትም ተገጣጣሚ አካልንና ፌሮሲሚንቶን፣ አንድ ላይ አመጣ። ስፋቱ ወደ 95 ሜትር የሚጠጋው አዳራሽ የተሸፈነው እንደ ባሕር ሞገድ በታጠፈ ቅስት ጣሪያ ነው። የሞገዱ እያንዳንዱ ቁራጭ 2.5 ሜትር ያህል ወርድ ሲኖረው፣ ውፍረቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነበር። ቁራጮቹ በመወጣጫ ላይ ከተደረደሩ በኋላ በሞገዱ ጫፍና በሞገዱ ሸለቆ ፌሮ ተዘርግቶ ኮንክሪት ፈሰሰ። በዚህ ጊዜ ቁራጩ ራሱ ፎርምወርክ ሆነ፤ ከሥራው በኋላም የሚነሣ ሳይሆን የሕንጻው አካል ሆኖ የሚቀር ፎርምወርክ ነበር። የሚጣል ጣውላ አልነበረም።

ተደጋጋሚ ወለሎች ላሏቸው ሕንጻዎች ደግሞ ሌላ ምርጫ አደረገ። ከ1951 እስከ 1953 በሮም በተሠራው የጋቲ ሱፍ ፋብሪካ፣ ወለሉን የሚሸከሙት አግዳሚዎች በቀጥታ መስመር ሳይሆን ዋናዎቹ የመታጠፍ ኃይሎች በሚሄዱበት ጥምዝ መስመር የተዘረጉ ናቸው። ሐሳቡን ያቀረበው በኔርቪ ቢሮ የሚሠራው መሐንዲስ አልዶ አርካንጄሊ ነበር። እንዲህ ያለውን ወለል በጣውላ መሥራት ከዋጋ አንጻር የማይታሰብ ነው። ኔርቪ ግን ከፌሮሲሚንቶ ቅርጽ ማውጫ ሠርቶ በተንቀሳቃሽ መወጣጫ ላይ አስቀመጠው። አንዱ ክፍል ፈሶ ሲጠነክር መወጣጫው ዝቅ ብሎ ወደሚቀጥለው ክፍል ይገፋል፤ እንደገናም ከፍ ይላል። ቅርጽ ማውጫው ብዙ ጊዜ ሲያገለግል ዋጋው በብዙ ክፍሎች ላይ ስለሚካፈል፣ ጥምዙ ወለል ለተራ ፋብሪካ በጀት የሚበቃ ሆነ።

ከሥራዎቹ ሁሉ በብዛት የሚታወቀው፣ ከአርክቴክት አኒባሌ ቪቴሎትሲ ጋር ለ1960 የሮም ኦሎምፒክ ያዘጋጀውና በ1957 የተጠናቀቀው አነስተኛው የስፖርት አዳራሽ ነው። ኦሎምፒኩ አበበ ቢቂላ በማራቶን ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የወርቅ ሜዳልያ ያስገኘበት መሆኑ ይታወሳል። የአዳራሹ ጉልላት 60 ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ በሁለት ክንድ በተከፈቱ 36 ዘንባላ ምሰሶዎች ላይ ያርፋል። የጉልላቱ ውስጠኛ ገጽ 1620 ተገጣጣሚ የፌሮሲሚንቶ ቁራጮች የተደረደሩበት ነው። አንድ ጉልላት በማዕከሉ ዙሪያ እኩል ስለሚከፋፈል የቁራጮቹ ዓይነት ጥቂት ነበር፤ ስለዚህም ጥቂት ቅርጽ ማውጫዎች ብዙ መቶ ቁራጮችን አስገኙ። በቁራጮቹ መካከል በተተዉት ቦዮች ፌሮ ገብቶ ኮንክሪት ሲፈስ ተመልካቹ ከታች የሚያየው የተጠላለፈ መረብ ተፈጠረ። ሰው እንደ ጌጥ የሚያደንቀው ይህ መረብ በእውነቱ የአሠራሩ አሻራ ነው።

ኔርቪ ከ1946 ጀምሮ በሮም የአርክቴክቸር ፋኩልቲ አስተማረ። በፓሪስ የዩኔስኮን ዋና ጽሕፈት ቤት ከብሮየርና ከዜርፉስ ጋር፣ በሚላኖ የፒሬሊን ሕንጻ ከጂዮ ፖንቲ ጋር ሠራ፤ በ1971 ደግሞ በቫቲካን ትልቁን የጉባኤ አዳራሽ አጠናቀቀ። የእንግሊዝ አርክቴክቶች ማኅበር በ1960፣ የአሜሪካው በ1964 የወርቅ ሜዳልያ ሸልመውታል። ጥር 9 ቀን 1979 በ87 ዓመቱ በሮም አረፈ።

ይሁን እንጂ ዘዴው ለሁሉም ቦታና ጊዜ የሚሆን አልነበረም። ፌሮሲሚንቶ ጣውላን ቢቆጥብም የሰው እጅ ይፈልጋል፤ ሽቦ የሚያጥፍ፣ ልስን የሚጫን፣ ቁራጭ የሚደረድር ብዙ ሠራተኛ ያሻዋል። ከጦርነቱ በኋላ በነበረችው ድሀ ኢጣልያ ቁሳቁስ ውድ፣ የሰው ጉልበት ርካሽ ነበርና ሒሳቡ ያዋጣ ነበር። የሠራተኛ ደመወዝ ከፍ እያለ ሲሄድ ብልጫው እየቀነሰ መጣ። ኔርቪ ራሱም ቢሆን የአንድ ዘዴ ምርኮኛ አልሆነም። በ1961 ለተከፈተው የቱሪን የሥራ ቤተ መንግሥት እያንዳንዳቸው 40 ሜትር በ40 ሜትር የሚሸፍኑ 16 ጃንጥላ መሰል ምሰሶዎች ሲነድፍ የተሰጠው ጊዜ አጭር ነበር። ስለዚህ ግንዱን በአርማታ ሠርቶ ጃንጥላውን በብረት አደረገው። የግንዱ ገጽ ከታች መስቀል፣ ከላይ ክብ ቢሆንም በቀጥተኛ መስመሮች የሚፈጠር ስለሆነ ለቅርጽ ማውጫ አላስቸገረም።

ከዚህ ሕይወት ለሙያ ባልደረቦች የሚተርፈው ስለዚህ የፌሮሲሚንቶ አሠራር ብቻ አይደለም። በአጠናና በጣውላ ላይ በሚመካ የግንባታ ሥራ ውስጥ፣ ደኑም ገበያውም በየጊዜው ውድ በሚሆንበት አገር፣ ኔርቪ ከንድፉ በፊት ያነሣቸው የነበሩት ጥያቄዎች አሁንም ትክክለኛ ጥያቄዎች ናቸው። ቅርጽ ማውጫው ስንት ጊዜ ያገለግላል? በማን እጅ፣ በምን ዋጋ ይሠራል? ኮንክሪቱ ሲጠነክር ሳይሰበር እንዴት ይወጣል? ወይስ ሳይወጣ የሕንጻው አካል ሆኖ ይቀራል? እነዚህን ጥያቄዎች ንድፍ አውጪው አስቀድሞ ካልመለሳቸው፣ መልሱ በግንባታው ቦታ በችኮላ ይሰጣል፤ ዋጋውንም የሚከፍለው አሠሪው ነው።