ማሪ ኩሪና የጨረር ዋቢ ናሙና

ማሪ ኩሪ በይበልጥ የሚታወቁት ፖሎኒየምንና ራዲየምን በማግኘታቸው ነው። ሆኖም በሲሊከን ወይም በጀርማኒየም ከፊል አስተላላፊ የኤክስሬይ መቁጠሪያ የሚሠራ ተመራማሪ በየዕለቱ የሚገለገልበት ሌላ ውርስ ትተዋል፤ ይኸውም ጨረርን ሁሉም በተስማማበት ዋቢ ናሙና መለካት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1867 በዋርሶ ተወልደው፣ በ1891 ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ፓሪስ ተሻገሩ። የዩራኒየምን ጨረር ያጠኑት ባለቤታቸው ፒዬር ከወንድማቸው ከዣክ ጋር በሠሩት ኤሌክትሮሜትር ሲሆን፣ ጨረሩ በአየር ውስጥ የሚፈጥረውን እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይለኩ ነበር። ፒችብሌንድ የተባለው ማዕድን ከያዘው ዩራኒየም መጠን በላይ እንደሚጨር ያመለከታቸው ይኸው ልኬት ነው። በ1898 ጥንዶቹ የሁለቱን አዳዲስ ንጥረ ነገሮች መገኘት አስታወቁ።

ራዲየም በሕክምናና በምርምር ሲስፋፋ የየቤተ ሙከራው ልኬት የሚነጻጸርበት የጋራ መነሻ ጠፋ። በ1910 በብራስልስ የተሰበሰበው ጉባኤ ዓለም አቀፍ ዋቢ ናሙና እንዲያዘጋጁ ለማሪ ኩሪ አደራ ሰጠ። በ1911 21.99 ሚሊግራም ንጹሕ ራዲየም ክሎራይድ በመስታወት ቱቦ ውስጥ አሸጉ። ናሙናውን በራሳቸው ቤተ ሙከራ ለማቆየት ቢፈልጉም፣ የኮሚሽኑ አባላት የዓለም መለኪያ በአንድ ሰው እጅ ሊቀር አይገባም አሉ። በ1912 ሆኒግሽሚት በቪየና ካዘጋጀው ናሙና ጋር በጋማ ጨረር ተነጻጽሮ ሁለቱ ተስማሙ። በ1913ም በሴቭር በሚገኘው ዓለም አቀፍ የመለኪያዎች ቢሮ ተቀመጠ።

የዛሬው የመቁጠሪያ ብቃት ልኬት በዚሁ መርህ ላይ ቆሟል። ብቃት ማለት በአንድ ኃይል የተቆጠሩት ፎቶኖች ከምንጩ ለወጡት ያላቸው ንጽጽር ነው። በዝቅተኛ ኃይል የቤሪሊየም መስኮቱና የክሪስታሉ ፋይዳ ቢስ ሽፋን ፎቶኖችን ያስቀራሉ፤ በከፍተኛ ኃይል ደግሞ ብዙዎቹ ስሱን ሲሊከን ሳይነኩት ያልፋሉ። ስለዚህ መቁጠሪያው ስንቱን እንዳመለጠው በራሱ ሊናገር አይችልም። የወጡት ፎቶኖች ብዛት የሚታወቀው እንደ ብረት 55 እና አሜሪሲየም 241 ካሉ፣ ጥንካሬያቸው ከተመሰከረላቸው ምንጮች ነው። በምስክር ወረቀቱ ላይ የ3 በመቶ ስሕተት ካለ፣ ቆጠራው ምንም ያህል ቢረዝም ስሕተቱ ወደ ብቃቱ ይሻገራል።

ማሪ ኩሪ በ1934 ለረጅም ዘመን ከጨረር መጋለጥ ጋር በተያያዘ የደም ሕመም ዐረፉ። ዋቢ ናሙናውን ለሌሎች ምርመራ አሳልፈው በመስጠታቸው፣ በአንድ ቤተ ሙከራ የተገኘ ቁጥር በሌላው ዘንድ ሊታመን የሚችልበት መንገድ ተከፈተ።