ከፈረስ ርግጫ እስከ ዳጋ እስጢፋኖስ

የጣናው ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የነገሥታት ማረፊያ በመሆኑ ይታወቃል፡፡ እዚያ አፅማቸው ካረፈው ነገሥታት አንዱ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ አባት ዐፄ ዳዊት ናቸው፡፡ ስማቸው በአብዛኞቻችን ዘንድ የሚነሳው ከግማደ መስቀሉ ጋር ተያይዞ ነው፤ አሟሟታቸው ግን ብዙም አይወራም፡፡ እኔንም ስለ አሟሟታቸው እንዳስብ ያደረገኝ በራሴ ላይ የደረሰው አደጋ ነው፡፡

ዐፄ ዳዊት የዐፄ ሰይፈ አርዕድ ልጅ ሲሆኑ፣ በወንድማቸው በዐፄ ነዋየ ማርያም እግር ተተክተው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ነገሡ፡፡ ለ30 ዓመታት ገደማ በቆየው ዘመናቸው ከይፋት ሱልጣኖች ጋር ተዋግተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1402 መልእክተኞቻቸው ቬኒስ ደርሰዋል፤ ተአምረ ማርያምም ወደ ግዕዝ የተመለሰው በእሳቸው ጊዜ ነው፡፡ ቴዎድሮስ፣ ይስሐቅ፣ ሕዝበ ናኝና ዘርዓ ያዕቆብ የተባሉት አራት ልጆቻቸው ለዙፋን በቅተዋል፡፡

ይህን ሁሉ ያዩት ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1413 ፈረስ ጭንቅላታቸውን ረግጧቸው እንደሞቱ ይነገራል፡፡ የራስ ቅል ባይሰበር እንኳ ውስጥ ለውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል፡፡ በዚያ ዘመን ይህን አይቶ የሚያክም አልነበረም፡፡

እኔ ፈረስ አልረገጠኝም፡፡ ባሕር ዳር ከጀልባ ስወርድ ተንሸራትቼ ጭንቅላቴን ድንጋይ መታኝ፡፡ ቁስሉ ቢሽርም አልጋ ላይ ስገላበጥ ቤቱ ይዞርብኝ ጀመር፤ በሐይቁ ዳር ስሄድም እንደ ታንኳ እወዛወዝ ነበር፡፡ አክስቴ ወጌሻ አንገቴን እንዲያቃናልኝ መከሩኝ፡፡ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ ካይሮፕራክተር የሚባሉ አከርካሪ አቃኚዎችን አነሳልኝ፡፡ ይህን ሙያ እ.ኤ.አ. በ1895 የጀመረው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የተባለ ሰው ነው፡፡

እኔ ግን ቅድሚያ ሐኪም ማየት መረጥኩ፡፡ ሐኪሙ በመጀመሪያ ጭንቅላቴ ውስጥ ደም አለመፍሰሱን በሲቲ ስካን አረጋገጠ፡፡ ከዚያም ችግሩ ከአንገቴ ሳይሆን ከጆሮዬ መሆኑን ነገረኝ፡፡ በውስጠኛው ጆሮ ሚዛናችንን የሚጠብቁ ጥቃቅን ጠጠሮች አሉ፤ ጭንቅላት ሲመታ ከቦታቸው ይንሸራተቱና ሰውን ያዞሩታል፡፡ አጋድሞኝ ጭንቅላቴን ወደ ጎን ቀስ እያደረገ በማዞር ጠጠሮቹን ወደ ቦታቸው መለሳቸው፡፡ በሁለተኛው ቀጠሮ ማዞሩ ለቀቀኝ፡፡

ይህ በዝግታ የሚደረግ ሕክምና አንገትን በድንገት ከመንጨት የተለየ ነው፡፡ ድንገተኛ ንጭት፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ በአንገት በኩል ለአንጎል ደም የሚያደርሰውን ቧንቧ ሊሰነጥቅና ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል፡፡

ውድ አንባቢያን፣ የወጌሻን ሙያ ማናናቄ አይደለም፤ ለወለምታ የስንቱን እግር አቃንቷል፡፡ ጭንቅላቱን ተመትቶ የሚዞርበት፣ የሚያስመልሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል፡፡ ዐፄ ዳዊት ያን ሁሉ ሠራዊትና ሀብት ይዘው ይህን ዕድል አላገኙም፡፡ እኛ ግን አግኝተናል፡፡